የአውቶማቲክ ካምቢዮ ኮምፒውተር መቀየር፦ ከምርመራው እስከ ሙከራ ጉዞው

ባለፈው ክረምት እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እየወጣሁ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። መኪናዬ አንዴ ገጭ አለችና ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቀረች። ቆሜ ልነሳ ስል ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ግን ዳገቱን አልገፋ አለች። ክሩስኮቱ ላይ ቼክ ኢንጅን በርቷል።

መጀመሪያ የገባሁበት ጋራዥ «የካምቢዮው ኮምፒውተር ተቃጥሏል» አለኝ። ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ አስገጠምኩ። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ «እንግዲያውስ ካምቢዮው ይውረድ» ተባለ። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። መኪናዋን እንደምንም እየጎተትኩ አንድ በዕድሜ የገፉ ኤሌክትሪሽያን ዘንድ ወሰድኳት። እሳቸው ምንም አልፈቱም። የኮምፒውተሩን ሶኬት ብቻ ነቀሉና ወደ ፀሐይ አዞሩት። ከፒኖቹ፣ ማለትም ከመገናኛ ብረቶቹ፣ አንዷ ላይ ጤፍ የምታህል አረንጓዴ ዝገት ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ከመወንጀልህ በፊት የሚበላውን እይለት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር የተቸገረ ሰው ሲያማክረኝ የምነግረው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ የሚኖረው ንጹሕ መብራት (ኤሌክትሪክ)፣ ንጹሕ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር) እና ትክክለኛ መልእክት ሲደርሰው ነው። አንዱ ከጎደለ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ የመመሪያዬ ትልቁ ክፍል ምርመራው ነው። መፍታቱና መግጠሙ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?

የካምቢዮ ኮምፒውተር፣ በባለሙያ አጠራር ቲሲኤም፣ ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የሚወስን ሳጥን ነው። የካምቢዮውን የመግቢያና የመውጫ ፍጥነት፣ የነዳጅ ፔዳሉን አረጋገጥ፣ የዘይቱን ሙቀትና ማርሹ የቆመበትን ቦታ ከሴንሰሮች ይሰማል። ከዚያ ካምቢዮው ውስጥ ላሉት ሶሌኖይዶች መብራት ይልካል። ሶሌኖይዶቹ የዘይቱን መንገድ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ማርሹ የሚቀየረው በዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ካላመነ ካምቢዮውን ለማዳን ሲል አንድ ማርሽ ላይ ይቆልፈዋል። ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ነው፣ በአንዳንዱ መኪና ሁለተኛ። እኔ አዘዞ ዳገት ላይ የገጠመኝ ይኸው ነው። መቆለፉ ግን የኮምፒውተሩን መሞት አያሳይም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሥራውን እየሠራ ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች የሚታወቁ ናቸው። ማርሽ ሲቀየር መምታት፣ ዘግይቶ መቀየር፣ የማርሽ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት፣ አንዳንዴ ደግሞ መኪናው ሲሞቅ ብቻ መጥፋትና ሲቀዘቅዝ መመለስ። ይህ የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ሲኖር ሙቀት ይከፍተዋል፣ ቅዝቃዜ መልሶ ያገናኘዋል። ግን ሲሞቁ የሚጠፉ ሴንሰሮችና ሶሌኖይዶችም አሉ። በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

መጀመሪያ ዘይቱን እዩ

መለኪያ ዘንግ ላለው መኪና፣ ሞተሩና ካምቢዮው ሞቀው፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ለኩ። ሞተሩ ይነሳ ወይስ ይጥፋ የሚለውን ማንዋሉ ይነግራችኋል። ዘይቱን ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉት። ቀላ ብሎ ጥርት ካለ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የአረረ ነገር የሚሸት ከሆነና መኪናው ሲነዱት ሞተሩ እየጮኸ የሚንሸራተት ከሆነ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን (ማርሹን ጨብጦ የሚይዘው ሳህን) ነው። ያንን ደግሞ የትኛውም ኮምፒውተር አያድነውም።

ከዚያ የብልሽት ኮዱን አስነብቡ

በስልክ የሚሠራው ትንሹ የብሉቱዝ ስካነር ብዙ ጊዜ የሚያናግረው ሞተሩን ብቻ ነው። ካምቢዮውን ለብቻው ገብቶ የሚያነብ ስካነር ያለው ባለሙያ ፈልጉ። ኮዶቹን ከማስጠፋታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

ፒ0700 ብቻውን ምንም አይናገርም። «ካምቢዮው ዘንድ ችግር አለ፣ ሂዱና ጠይቁት» ነው የሚለው። ፒ0706 የማርሽ ቦታ ማብሪያው ነው። ፒ0715 የመግቢያ ፍጥነት ሴንሰር፣ ፒ0720 የመውጫው ነው። ፒ0750 የመጀመሪያው ሶሌኖይድ ነው። እነዚህ ከወጡ መጀመሪያ የሚፈተሸው የተጠቀሰው ዕቃና ሽቦው ነው። ፒ0562 የመብራት ማነስ ነው፤ ወደ ባትሪና ዲናሞ ተመለሱ። ወደ ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚጠቁሙት ፒ0601 እና ፒ0613 ናቸው። ዩ0101 ደግሞ «የካምቢዮው ኮምፒውተር አይመልስልኝም» የሚል የሌሎች ኮምፒውተሮች ክስ ነው። ላይመልስ የሚችለው ሞቶ ነው፣ ወይም መብራት አጥቶ ነው፣ ወይም መነጋገሪያ ሽቦው ተቆርጦ ነው።

የሚበላውን መመርመር

እዚህ ጊዜ ስጡ።

ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.7 መሆን አለበት። ከዚህ በታች ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን አስተካክሉ። ቀጥሎ የካምቢዮውን ፊውዝ እዩ። በዓይን ብቻ አይበቃም፣ በሁለቱም በኩል በቴስተር (በቮልትና ኦም መለኪያ) ለኩት።

አሁን የመኪናውን የሽቦ ሥዕል አግኙና ሶኬቱ ላይ የትኛው ፒን መብራት፣ የትኛው ማሳ እንደሆነ ለዩ። በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። ሽማግሌው ያሳዩኝ ዘዴ እነሆ። ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ያዙ። ሁለት ሽቦ አውጡለት። ቁልፉን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ። ከዚያ ቁልፉን ክፈቱና የአምፖሉን አንድ ሽቦ መብራት ፒኑ ላይ፣ ሌላውን ማሳ ፒኑ ላይ አስነኩ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ ሽቦዎቹ ሸክም ይችላሉ። ደብዘዝ ካለ መንገድ ላይ የዛገ ወይም የላላ ነገር አለ። ቴስተር ብቻውን እዚህ ያታልላል። ከሽቦው ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ 12 ቮልት ያሳያችኋል። አምፖሉ ግን እውነቱን ያወጣል።

አምፖሉ እየበራ ሳለ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ማሳ ፒኑ ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት ብዙ ካለፈ ማሳው ደካማ ነው። ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈልጋችሁ ፍቱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አምፖሉን የሴንሰርና የመነጋገሪያ ሽቦዎች ላይ በፍጹም አታስነኩ። የቴስተሩንም ወፍራም ጫፍ ወደ ፒኑ ቀዳዳ አትግፉ። ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ያልነበረ በሽታ ትጨምራላችሁ። ቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ አስገብቶ መለካት ይሻላል።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪናዎች፣ ከጃፓን የመጡ ብዙ ቪትዞችን ጨምሮ፣ ለብቻቸው ይታዩ። መሪው ሲዞር ሽቦዎች ተቆርጠው ይቀጠላሉ። ቅጥሉ በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ዳሽቦርዱ ሥር እጃችሁን ሰዳችሁ ያበጠ ቴፕ ፈልጉ።

ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበትን ሽቦ ለማየት መሪው ሥር ባለው 16 ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት እንጠቀማለን። ባትሪውን ፈትታችሁ በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳ መካከል ኦም ለኩ። ካን የተባለውን መነጋገሪያ የሚጠቀም ጤነኛ መኪና ብዙውን ጊዜ 60 ኦም አካባቢ ያሳያል። 120 ካሳየ አንድ ጫፍ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

በመጨረሻ ሶሌኖይዶቹ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ኋላ ሁለት ኮምፒውተር ይገዛል። ውስጡ የተነካካ ሶሌኖይድ ብዙ መብራት ይስባል፣ የሚነዳውን የሰሌዳውን ክፍል ያቃጥላል። አዲሱን ስትገጥሙም ያንኑ ያደርገዋል። የካምቢዮውን ሶኬት ንቀሉና እያንዳንዱን ለኩ። በብዙ ቶዮታ ማርሽ የሚቀይሩት ሶሌኖይዶች ከ11 እስከ 15 ኦም፣ ግፊት የሚቆጣጠረው 5 ኦም አካባቢ ነው። ለሌላው ማንዋሉን ተከተሉ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ካገኛችሁ ኮምፒውተር ከመግጠማችሁ በፊት እሱ ይቀየር።

መብራቱ ጥሩ፣ ማሳው ጥሩ፣ መነጋገሪያው ጥሩ፣ ሴንሰርና ሶሌኖይዱ ጥሩ ሆኖ ኮምፒውተሩ አሁንም ካልመለሰ ወይም የራሱን ኮድ ካወጣ፣ ያን ጊዜ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል። ከእኔ ነገር በኋላ አንድ ጎረቤቴ መኪናው ተመሳሳይ ነገር ሲያሳየው በዚሁ መንገድ ሄድን። የእሱ እውነትም ኮምፒውተሩ ነበር። ክዳኑን ስንከፍተው የሰሌዳው አንድ ጥግ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። የሚቀጥለውን የጻፍኩት ያኔ ከሠራነው ነው።

ዕቃውን ማግኘት

መጀመሪያ የት እንዳለ እወቁ። በብዙ መኪና ጋቢና በኩል ካለው የዳሽቦርድ መሳቢያ ጀርባ ነው። መሪው ሥር የሚሆንበትም አለ። በአንዳንዱ ኮፈኑ ሥር ባትሪው አጠገብ፣ በሌላው እራሱ ካምቢዮው ላይ ተቀምጧል። በብዙ ቶዮታ ደግሞ ለብቻው የለም፤ የሞተሩና የካምቢዮው ኮምፒውተር አንድ ሳጥን ነው። ያን መቀየር መኪናው ቁልፉን የሚለይበትንም ጉዳይ ስለሚነካ ያለ ባለሙያ አትጀምሩት። እንደ ፎልክስዋገን ዲኤስጂ ባሉት ባለ ሁለት ክላች ካምቢዮዎች ላይ ኮምፒውተሩ ከካምቢዮው ቫልቭ አካል ጋር የተጣመረ ነው። ዘይት ማውረድና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ይህ መመሪያ ለእነሱ አይሆንም።

የድሮውን ሳታወጡ አዲስ አትግዙ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ፊደል መመሳሰል አለበት። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ዓመት ሆኖ የሞተሩ መጠን ሲለይ ኮምፒውተሩም ይለያል። «ያው ነው፣ ይሠራል» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ።

እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን የምናስመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩ የዕቃውን ወረቀትና የፒኖቹን ፎቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ፒኖቹ ላይ ዝገት፣ ክዳኑ ላይ የመከፈት ምልክት ካለ ተዉት። ካልሠራ እንደሚመልስ ተስማሙ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን መኪናዎች አቆይተን መንዳት ግድ ሆኗል። የተበላሸውን ሰሌዳ ማስጠገንም አንድ አማራጭ ነው። የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም ያበጠ ካፓሲተር ብቻ ከሆነ ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ያድነዋል። እንደዚያ ከሆነ ፕሮግራም የማድረጉን ጣጣም ትገላገላላችሁ።

መፍታት

የሚያስፈልጋችሁ የ10 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ንጹሕ ጨርቅና የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ ነው።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ማርሹን ፒ ላይ ተዉት። ቁልፉን ከመኪናው አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ ባትሪው ሲመለስ በሩ ራሱን የሚቆልፍ መኪና አለ።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ዳሽቦርዱ አካባቢ ኤርባግ ስላለ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። እኔ 10 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

መሳቢያውን ባዶ አድርጉ። ብዙዎቹ ሁለቱ ጎኖቻቸው ወደ ውስጥ ሲጫኑ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከጀርባው ሳጥኑን ታያላችሁ። ከመንካታችሁ በፊት ያልተቀባ የመኪናውን ብረት ያዙ። ሹራብ ለብሳችሁ ወንበሩ ላይ ስትንሸራተቱ ሰውነታችሁ የሚይዘው መብራት ለሰሌዳው ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ሶኬቱ ላይ አንሱት ወይም ግፉት የሚል ማንሻ አለ። ማንሻው ሲነሳ ሶኬቱ በራሱ ወደ ኋላ ይመጣል። ካልመጣ ማንሻው ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። በሽቦው ጎትታችሁ አታውጡ፣ በካቻቢቴ አትፈልቅቁ። እጃችሁ እንዳይደክም ጎንበስ ከማለት ወለሉ ላይ በጀርባችሁ ብትተኙ ይሻላል።

ከዚያ ቡሎኖቹን ፍቱና ሳጥኑን አውጡ። ቡሎኖቹን ቆብ ውስጥ ወይም ጽዋ ውስጥ አድርጉ። ምንጣፉ ሥር የገባ ቡሎን ግማሽ ሰዓት ይበላል።

መግጠም

ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አድርጉ። ቁጥሩን፣ የፒኖቹን ብዛት፣ የቡሎኑን ቀዳዳ አመሳክሩ። የሶኬቱን ውስጥ በእጅ ባትሪ እዩ። የተጎነበሰ ፒን ካለ በግድ አይገባም። አረንጓዴ ካያችሁ ስፕሬዩን ነፍታችሁ አድርቁ። ዝገቱ ፒኑን ከበላው ፒኑ ራሱ ይቀየር።

ሳጥኑን ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ነገር ሥሩ። ውኃ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። የእኔን መኪና ያበላሸው የፊት መስታወቱ ሥር ባለው ፍርግርግ የተጠራቀመ ቅጠል ነው። የውኃ መውረጃውን ደፍኖት የሐምሌ ዝናብ ወደ ጋቢና ገባ። አዲሱን ሳጥን አርቃችሁ፣ አንድ ጆግ ውኃ መስታወቱ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሌላ ሰው ከውስጥ በስልኩ መብራት ይይ። ጠብታ ከታየ ቅጠሉን ልቀሙ፣ መውረጃውን ክፈቱ፣ ከዚያ በኋላ ግጠሙ።

ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሱ። ሶኬቱን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ማንሻውን ዝጉ። ጠቅ የሚል ድምፅ መስማት አለባችሁ። ቡሎኖቹ በእጅ ኃይል ልክ ይጥበቁ። ባትሪው በመጨረሻ ይታሰራል።

ፕሮግራም ማድረግ

አዲስ ኮምፒውተር ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያገለገለው ደግሞ የሌላ መኪና ትዝታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በብዙ መኪና የሻንሲ ቁጥሩንና የመኪናውን መረጃ በስካነር መጻፍ ያስፈልጋል። አንዳንድ ባለሙያ የድሮውን የትዝታ ቺፕ ገልብጦ ወደ አዲሱ ያስገባል። ስለዚህ የድሮውን ሳጥን አትጣሉ። ሲቪቲ ካምቢዮ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ ያለ እርከን የሚቀይር) ባላቸው ብዙ ኒሳኖች የካምቢዮው ልዩ ልኬት ካምቢዮው ውስጥ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ያ ልኬት ተነቦ አዲሱ ላይ መጻፍ አለበት። ይህ ከተዘለለ ዕቃው ጥሩ ሆኖ እንኳ ካምቢዮው ይመታል።

ፕሮግራሙ እየተጻፈ መብራት ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ እዚያው ሊሞት ይችላል። እኛ አገር መብራት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ላፕቶፑ ባትሪው የሞላ ይሁን። የመኪናው ባትሪም ቻርጅ ተደርጎ ያደረ ይሁን። መብራት፣ ቬንትሌተርና ሬዲዮ ይጥፉ፣ በሮቹ ይዘጉ። ባትሪው ደከም ካለ ሥራውን ለነገ አሳድሩት።

ሲያልቅ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና ስካነሩ ካምቢዮውን ያናግር እንደሆነ እዩ። ከመለሰ የድሮ ኮዶችን አጥፉ። ከዚያ አስነሱ። ፍሬን ረግጣችሁ ከፒ ወደ አር፣ ወደ ኤን፣ ወደ ዲ ቀስ እያላችሁ አሳልፉ። እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆዩ። ክሩስኮቱ ላይ የሚታየው ፊደል ከማርሹ ጋር መመሳሰል አለበት።

ማለማመድ

ካምቢዮው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሸካራ ቢሆን አትደንግጡ። አዲሱ ኮምፒውተር የፍሪሲዮኖቹን አያያዝ ገና እየተማረ ነው። ስካነሩ የድሮውን ልምድ የሚያጠፋ ትእዛዝ ካለው መጀመሪያ እሱ ይደረግ።

ለመማሪያ ሜዳ ያስፈልጋል። እኔ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያለውን ደልዳላ መንገድ እመርጣለሁ፣ ማለዳ፣ ባጃጅ ሳይበዛ። መጀመሪያ ካምቢዮው እስኪሞቅ ንዱ። ከዚያ ከቆማችሁበት ተነሱና ፔዳሉን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ለስለስ አድርጋችሁ እስከ ላይኛው ማርሽ ውጡ። ፔዳሉን ልቀቁ፣ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ይህን አሥር ጊዜ ያህል መላልሱ። በየቁመቱ ጥቂት ሰከንድ ዲ ላይ ፍሬን ይዛችሁ ጠብቁ። ወደ ጎሃ ተራራ የሚወስደውን ዳገት ለዚህ አትምረጡ። ዳገት ላይ ፔዳል ስለምታበዙ ኮምፒውተሩ ለስላሳውን አቀያየር አይማርም።

ሜዳው ላይ ከለሰለሰ በኋላ ግን ዳገት ይሞከር። በደባርቅ መንገድ ወደ ኮሶዬ ውጡ። ካምቢዮው በደንብ ይሞቃል፣ ማርሹም ይወርዳል፣ ይወጣል። ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ችግር ካለ እዚያ ይታያል። ስትመለሱ ስካነሩን ድጋሚ ሰኩ። ገና ያልወጣ የተደበቀ ኮድ ሊኖር ስለሚችል ግን ከሳምንት በኋላም አንድ ጊዜ አስነብቡ። ያው የሴንሰር ወይም የሶሌኖይድ ኮድ ከተመለሰ ወደ ኮምፒውተሩ አትሂዱ። አምፖሉንና ቴስተሩን ይዛችሁ ወደ ሽቦው ተመለሱ።